ለመተንፈሻው መሣሪያ የሚቀዳው ውሃ



በእንቅልፍ ላይ ሳሉ ትንፋሻቸው ለሚቋረጥባቸው ሰዎች የተሠራው የሌሊት መተንፈሻ መሣሪያ፥ ሐኪሞች በአጭሩ «ሲፓፕ» የሚሉት፥ ቀድሞ በስም እንኳ የማይታወቅ ሲሆን ዛሬ ወደ ብዙ ቤቶች ገብቷል። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችን ከሐኪም እየታዘዘላቸው ይይዙታል፤ አንዳንዶቹም አገር ቤት ላሉት አባትና እናታቸው ይልኩታል፥ ወይም ወላጆች ለጥየቃ ሄደው ሲመለሱ በሻንጣ ይዘውት ይመጣሉ።

መሣሪያው ሲመጣ አንዲት ጥያቄ ተከትላ ትመጣለች። ከጎኑ የተገጠመችው የውሃ መያዣ በምን ውሃ ትሞላ? አብሮ የመጣው መጽሐፍ «ዲስቲልድ ውሃ» ይላል፤ በቤቱ ያለው ግን የቧንቧ ውሃ ነው፥ እርሱም በፈረቃ የሚመጣ። ከዚህ በኋላ ቤተ ሰቡ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ወገን «የምንጠጣውን ውሃ ብንተነፍሰው ምን ይሆናል?» ብሎ ከቧንቧው ይሞላል። ሁለተኛው ወገን ትእዛዙን አክብሮ፥ የታዘዘው ውሃ እስኪገኝ ድረስ መሣሪያውን በካርቶኑ ውስጥ ያስቀምጠዋል። እኛ ስንመለከተው የሁለተኛው ወገን ጥንቃቄ ከመጀመሪያው ወገን ድፍረት የከፋ ጉዳት ያመጣል። ምክንያቱን ለማስረዳት ግን አስቀድሞ ስለ ሕመሙ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል።

ሰው ሲተኛ የሰውነቱ ጡንቻዎች ይላላሉ፤ የጉሮሮውም ጡንቻዎች እንዲሁ። በአንዳንድ ሰው ላይ፥ ይልቁንም ሰውነቱ በከበደና አንገቱ በወፈረ፥ አንዳንድ ጊዜም በተፈጥሮ መንጋጋው ወደ ኋላ ገባ ባለ ሰው ላይ፥ መላላቱ ከልክ ያልፍና ምላሱና የላንቃው ለስላሳ ሥጋ ወደ ኋላ ወድቀው የአየሩን መንገድ ይዘጉታል። ደረቱ ይንቀሳቀሳል፥ አየር ግን አይገባም። በደሙ ውስጥ ያለው ኦክሲጅን እየቀነሰ ሲሄድ አንጎል ይደነግጥና ሰውየውን ለቅጽበት ያህል ያነቃዋል፤ እርሱም በኀይል አንኮራፍቶ ይተነፍስና ተመልሶ ይተኛል። ጧት ሲነሣ አንዳች አያስታውስም። የምታስታውሰው ባለቤቱ ናት፤ ትንፋሹ በተቋረጠ ቍጥር በጨለማው ውስጥ ዐይኗን ከፍታ፥ እስኪመለስ ድረስ ትቈጥራለችና። ሐኪሞች መቋረጡ 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ የቈየ እንደ ሆነ በሕመም ይቈጥሩታል፤ በጠናበትም ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ 30 ጊዜና ከዚያ በላይ ይደጋገማል።

በእኛ ዘንድ ጮክ ብሎ የሚያንኮራፋ ሰው እንቅልፍ የጠገበ ይመስለናል፤ እንዲያውም ይቀናበታል። እርሱ ግን እንቅልፍ የተራበ ሰው ነው። ስምንት ሰዓት ተኝቶ ሲነሣ ራሱን ያመዋል፤ ቀን በወንበር ላይ፥ በስብሰባ መካከል፥ በቅዳሴ ጊዜም ሳይቀር ያንቀላፋል፤ የደም ግፊቱ ለመድኃኒት አልታዘዝ ይላል። ሾፌር የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ በመሪው ላይ እንቅልፍ ይጥለዋል፤ ጕዳቱም በእርሱ ብቻ አይቀርም።

እ.ኤ.አ. እስከ 1980 ገደማ ድረስ ሕመሙ ለጠናበት ሰው የነበረው ዋና ሕክምና በአንገቱ ላይ ቀዳዳ ከፍቶ የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባት ነበር። በአውስትራልያ አገር በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም የነበሩት ኮሊን ሱሊቫን ግን ምንጣፍ የሚጠረግበትን የአቧራ መምጠጫ ማሽን ሞተር ወስደው፥ አየር እንዲነፋ አድርገው፥ በቱቦ አያይዘው በበሽተኛው አፍንጫ ላይ በተለጠፈ ጭንብል ውስጥ ላኩት። ነፋሱም የጉሮሮውን ግድግዳ ደግፎ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት አድርጎ ያዘው። ይህን ውጤታቸውን እ.ኤ.አ. በ1981 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት አወጡ። ዛሬ በየመኝታ ቤቱ በጸጥታ የሚሠራው ትንሽ ሣጥን የዚያ የአቧራ መምጠጫ ልጅ ነው። የነፋሱ ግፊት ዛሬም የሚለካው በውሃ ከፍታ ሲሆን፥ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 20 ሴንቲሜትር ውስጥ ይሆናል፤ ስንት መሆን እንደሚገባው የሚወስነውም ሐኪሙ ነው እንጂ ቤተ ሰቡ አይደለም።

አንባቢ እንዲያስተውልልን የምንፈልገው ነገር ይህ ነው፤ ሕክምናው ነፋሱ ነው። ውሃው ከነፋሱ በኋላ ለምቾት የተጨመረ ነው። ሌሊቱን ሙሉ በግፊት የሚገባ አየር አፍንጫንና ጉሮሮን ያደርቃል፤ አንዳንዱን ሰው አፍንጫው እንዲታፈን፥ አንዳንዱንም እንዲነስረው ያደርጋል፤ በዚህም ተሰላችተው ጭንብሉን ገና በመጀመሪያው ወር አውልቀው የሚጥሉ አሉ። ስለዚህ ሠሪዎቹ ከነፋሱ መውጫ አጠገብ የውሃ መያዣ አኖሩ፤ ከሥሩም ለብ የሚያደርግ ምጣድ መሰል ሳሕን አደረጉበት። አየሩ በውሃው ላይ ሲያልፍ እርጥበት ይዞ ይሄዳል። ይህ መልካም ነገር ነው፤ ብዙ ሰው መሣሪያውን የለመደው በዚሁ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ውሃ ያልተሞላበት መሣሪያ ነፋሱን መስጠቱን አይተውም። ማሞቂያውን አጥፍቶ ያለ ውሃ ማደር ይቻላል፤ ጧት ጉሮሮ ይደርቅ ይሆናል፥ ትንፋሽ ግን አልተቋረጠም።

እንግዲህ ወደ ቧንቧው እንመለስ። በቧንቧ ውሃ ውስጥ ስንጠጣው የማይጎዱን፥ መሣሪያው ውስጥ ሲገቡ ግን ሌላ ጠባይ የሚያሳዩ ሁለት ዓይነት ነገሮች አሉ። አንደኛው ከድንጋይና ከአፈር ሟምቶ የመጣው ማዕድን ነው፤ ኖራው፥ ማግኒዝየሙና የቀረውም። ሁለተኛው ሕይወት ያለው ነገር ነው።

የማዕድኑን ጠባይ ሻይ የሚያፈላ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በማንቆርቆሪያው ውስጥ ከጊዜ ብዛት የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት እርሱ ነው። በድሬዳዋና በመቀሌ የኖረ ሰው ይህን ከማንም ይልቅ ያውቃል፤ የእነዚህ ከተሞች ምድር የኖራ ድንጋይ ያለበት በመሆኑ የጕድጓድ ውሃቸው ከባድ ነውና። አዲስ አበባ ከገፈርሳ፥ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች ስትጠጣ ውሃዋ ቀለል ያለ ነው፤ ከአቃቂ ጕድጓዶች የሚመጣው ግን ማዕድኑ ይበዛል። በመሣሪያው የውሃ መያዣ ውስጥም ይኸው ነጭ ቅርፊት ይጋገራል፤ የሚሞቀውን ሥፍራ ይሸፍናል፥ ሙቀቱ ወደ ውሃው በሚገባ እንዳይደርስ ያደርጋል፥ በመጨረሻም መያዣው ይበላሻል። መለዋወጫውም እዚህ አገር በቀላሉ የሚገኝ ዕቃ አይደለም።

ዳሩ ግን ብዙ ሰው የሚፈራው ሌላውን ነገር ነው፤ ማዕድኑ ከእርጥበቱ ጋር ወደ ሳንባ የሚገባ ይመስለዋል። ይህን ፍርሃት ለማስወገድ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው መልሱን ያውቀዋል። በእሳት ላይ ባለው ማሰሮ ውስጥ ያለው ድፍድፍ ጥቍርና ድፍርስ ነው፤ በመቃው አልፎ ቀዝቅዞ የሚንጠባጠበው ግን እንደ ዕንባ የጠራ ነው። እንፋሎት ሲነሣ አተላውን ከታች ጥሎ ብቻውን ይወጣልና። ዲስቲልድ ውሃ ማለትም በዚሁ መንገድ ተንኖ፥ ቀዝቅዞ፥ ጠብ ጠብ ብሎ የተጠራቀመ ውሃ ነው፤ ስለዚህ በውስጡ የሚጋገር ነገር የለበትም። በመተንፈሻው መሣሪያ ውስጥም እንዲሁ፥ አየሩ የሚወስደው ተኖ የሚነሣውን እርጥበት ነው፤ ኖራው ከታች ይቀራል። (ውሃን በድምፅ ሞገድ እየመታ እንደ ጉም የሚበትነው የክፍል ማርጠቢያ ከዚህ የተለየ ነው፤ እርሱ ጥቃቅን ጠብታዎችን ከነማዕድናቸው በቤቱ ውስጥ ይነዛል፤ በአንዳንድ ቤት ዕቃው ሁሉ ነጭ ዱቄት የሚለብሰው በእርሱ ነው። ሁለቱን እያምታቱ የሚናገሩ ብዙዎች ስለሆኑ ለይተን መጥቀስ አስፈለገን።)

ሕይወት ያለው ነገር ግን ከማዕድኑ ይልቅ ጥንቃቄ ያሻዋል። የቧንቧ ውሃ ለመጠጥ ንጹሕ ነው ማለት ተሕዋስያን ፈጽመው የሉበትም ማለት አይደለም፤ ቍጥራቸው ጥቂት ሆኖ፥ የሆድ አሲድም የሚያጠፋቸው ሆነው ነው እንጂ። ይህን የማያውቅ የእኛ አገር ሰው ብቻ አይደለም። የአሜሪካ የበሽታ መቈጣጠሪያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2021 ሕዝቡን በጠየቀ ጊዜ አንድ ሦስተኛ ያህሉ በቧንቧ ውሃ ውስጥ ሕይወት ያለው ነገር የለም ብለው መልሰዋል። ክሎሪን እስካለበት ድረስ ውሃው ራሱን ይጠብቃል። ነገር ግን ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ የምንጠቀመው በቀጥታ ከቧንቧው ሳይሆን በጀሪካን፥ በባልዲ ወይም በጣሪያ ላይ ባለው ሮቶ ውስጥ ቀናት የቈየውን ነው። ክሎሪኑ ከዚያ ውስጥ ቀስ በቀስ ይጠፋል፤ ሮቶውም በቀን ፀሐይ ይሞቃል።

ይህን ውሃ ወስደን በመያዣው ውስጥ ጨምረን፥ ሌሊት ለብ አድርገን፥ ጧት የተረፈውን ሳንደፋ፥ ማታ በላዩ ላይ ጨምረን፥ በሳምንቱ መጨረሻም እንዲሁ ካደረግን፥ ያደረግነው ነገር ተሕዋስያንን ማርባት ነው። በመያዣው ግድግዳ ላይ እጅ ሲነካው የሚያሙለጨልጭ ነገር የተሰማው ሰው ይህን አይቷል። በእንዲህ ያለ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ከሚራቡት አንዱ ሌጅዮኔላ የሚባለው ባክቴርያ ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1976 በፊላደልፊያ ከተማ በተሰበሰቡ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር አባላት ላይ ባደረሰው የሳንባ ምች ነው፤ ከ25 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ሙቀት በደስታ ይራባል፤ ሰውንም የሚይዘው ጥቃቅን የውሃ ጠብታዎች ወደ ሳንባ ሲገቡ ነው። ከላይ እንዳልነው መሣሪያው ጠብታ ሳይሆን እርጥበት ነው የሚልከው፤ ስለዚህ አደጋው የሚጋነነውን ያህል አይደለም። ነገር ግን መያዣው ከልክ በላይ ሲሞላ ወይም ሲነቃነቅ ውሃው ራሱ ወደ ቱቦው ይገባል። ጕልማሳና ጤነኛ የሆነ ሰው አንዲት ሌሊት የቧንቧ ውሃ ቢጠቀም ምንም ሳይሆን አይቀርም ማለት ይቻላል። ሳንባው የተጎዳ፥ ሲጋራ ያጨሰ፥ ስኳር ያለበት፥ በዕድሜ የገፋ ወይም የሰውነቱ መከላከያ የደከመ ሰው ግን በዚህ ነገር መደፋፈር የለበትም፤ መሣሪያውን የሚጠቀሙትም አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያሉት ናቸው።

በዚህ ስፍራ አንድ ወሬ ማስተካከል ይገባናል። በስልክ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው፥ አንጎል የሚበላ አሜባ በዚህ መሣሪያ ይገባል የሚለው ወሬ ከሌላ ነገር ጋር የተቀላቀለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ በሉዊዚያና ግዛት ሁለት ሰዎች በዚህ አሜባ ሞተዋል፤ ነገር ግን እነርሱ አፍንጫቸውን በቧንቧ ውሃ ያጥቡ ነበር፤ ውሃው ራሱ ወደ ላይኛው የአፍንጫ ክፍል ፈስሷል። አፍንጫን የማጠብ ልማድ ያለው ሰው ስለዚህ ዲስቲልድ ወይም ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ብቻ መጠቀም ግዴታው ነው። በእርጥበት መተንፈስ ግን አፍንጫን በውሃ ከመሙላት የተለየ ነገር ነው።

ታዲያ የታዘዘው ውሃ በማይገኝበት ቤት ምን ይደረግ? በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ችግሩ እምብዛም የለባቸውም፤ 3.8 ሊትር ገደማ የሚይዘው ጋሎን በየሸቀጥ መደብሩ ይሸጣል፥ ለ10 ሌሊት ያህልም ይበቃል፤ የመሣሪያው መያዣ ብዙውን ጊዜ ከ300 እስከ 400 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ነውና። አገር ቤት ግን ሰው ይቸገራል፤ ተቸግሮም ወደ ነዳጅ ማደያ ይሄዳል፤ የባትሪ ውሃ ዲስቲልድ መሆኑን ሰምቷልና። ይህን አጥብቀን እንከለክላለን። አንደኛ፥ ያ ውሃ ለመኪና የተሠራ ነው እንጂ ለሰው ሳንባ ታስቦ የታሸገ አይደለም። ሁለተኛና ዋናው፥ በዚያው መደርደሪያ ላይ፥ በተመሳሳይ ጠርሙስ፥ ለባትሪ የሚሆን አሲድ ይሸጣል። ልጅ ተልኮ ጠርሙሱን ቢያሳስት የሚመጣውን መናገር አያሻንም። ሰው የሚገዛ ከሆነ ከፋርማሲ ወይም የሕክምና ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ይግዛ፤ ጽሑፉንም አንብቦ ይግዛ። በፋርማሲው «ሳላይን» የሚባለው የጨው ውሃና የግሉኮስ ውሃ ደግሞ ምንም ንጹሕ ቢሆኑ ለዚህ አይሆኑም፤ ጨውና ስኳራቸው በመያዣው ውስጥ ይቀራል።

ቀጥሎ ያለው መንገድ የፈላ ውሃ ነው። በእንግሊዝ አገር ያሉ አንዳንድ የመንግሥት ሆስፒታሎች ለበሽተኞቻቸው ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ይፈቅዳሉ፤ እኛም ሌላ ለሌለው ሰው ከዚህ የተሻለ አናውቅም። ማፍላት ተሕዋስያኑን ይገድላል፤ ማዕድኑን ግን አያስወግድም፥ ውሃው በተነነ መጠን እንዲያውም ያበዛዋል። ስለዚህ የፈላ ውሃ የሚጠቀም ሰው ነጩን ቅርፊት ቶሎ ቶሎ ማጽዳት አለበት። ደግሞም በደጋ ያለን ሰዎች የምንዘነጋው ነገር አለ። በባሕር ጠረፍ ውሃ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፥ እንደ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ባለ ከተማ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ከዚህም የተነሣ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ አገር ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ሙሉ እንዲቈይ ይመከራል። ከዚያም በንጹሕና ክዳን ባለው ዕቃ ይቀዝቅዝ፤ ለዕለቱ የሚበቃውን ያህል ብቻ ይፍላ።

የታሸገ የመጠጥ ውሃስ? ከሮቶው ውሃ ይሻላል፥ ማዕድኑ ግን አለበት፤ አንዳንዱ ከቧንቧው ይብስ እንደ ሆነ እንጂ አያንስም። አምቦ ውሃ ለሆድ እንጂ ለዚህ አልተፈጠረም። ማጣሪያ ያለው ማሰሮ ጣዕሙንና ሽታውን ያስተካክላል፤ ተሕዋስያንን ያጠፋል ብሎ መተማመን ግን አይገባም።

በቤታችን ልማድ ምክንያት ሌላ ፈተናም ይመጣል። ጉንፋን የያዘው ሰው የባሕር ዛፍ ቅጠል ቀቅሎ መታጠን ያገኘነው ልማድ ነው፤ ስለዚህ አንዳንድ እናቶች በመያዣው ውስጥ የባሕር ዛፍ ዘይት ጠብ ያደርጋሉ፥ ወይም ጤና አዳም ይጨምራሉ። አሳባቸው ፍቅር ነው፤ ነገር ግን ዘይቱ ፕላስቲኩን ያበላሻል፥ በግፊት የሚገባ ሽታም ሳንባን ያስቈጣል፤ የሠሪዎቹ መጽሐፍ ሁሉ ይህን ይከለክላል። መታጠን የፈለገ ሰው እንደ ቀድሞው በሳሕን ይታጠን፤ መሣሪያውን ይተወው።

ጠበል ለመጨመር የሚያስቡም እንዳሉ እናውቃለን። ስለዚህ ነገር በአክብሮት እንናገራለን። ከምንጭ የሚቀዳው ጠበል ከምድር የወጣ በመሆኑ ማዕድን ያለበት ነው፤ በጀሪካንም ተቀድቶ ሳምንታት የሚቀመጥ ነው። ከዚህ ይልቅ ግን አንባቢ ይህን ያስብ፤ በመያዣው ውስጥ የተረፈው ውሃ በየማለዳው መደፋት አለበት። የቤተ ክርስቲያን ልጅ የሆነ ሰው ጠበልን በመታጠቢያ ቤት ፍሳሽ ውስጥ በየቀኑ ሲደፋ እንዴት ይችላል? ጠበል የሚጠጣና የሚጠመቁበት ነው፤ ሰውየው ጠበሉን ጠጥቶ፥ ተጠምቆ፥ ማታ ጭንብሉን አድርጎ ይተኛ። ሁለቱ አይጣሉም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ፥ አንዱ ሌላውን እንደማይቃወም አስተምረዋል።

ውሃው የትም ይገኝ የት፥ ከውሃው ዓይነት ይበልጥ የሚጠቅመው የየዕለቱ አያያዝ ነው። ዲስቲልድ ውሃ ራሱ በመያዣው ውስጥ ሳምንት ቢቀመጥ ይበላሻል። ጧት እንደ ተነሡ የተረፈው ይደፋ፤ መያዣው ለብ ባለ ውሃና በልዝብ ሳሙና ይታጠብ፥ ይለቅለቅ፥ ተከፍቶ ከፀሐይ ርቆ በንጹሕ ስፍራ ይድረቅ። ማታ በአዲስ ውሃ እስከ ምልክቱ ድረስ ብቻ ይሞላ። ቱቦውና ጭንብሉም በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን ይታጠቡ። ነጭ ቅርፊት የታየ እንደ ሆነ ነጭ ኮምጣጤ በውሃ አቅጥኖ ጥቂት ማዘፍዘፍና ደኅና አድርጎ ማለቅለቅ ነው። በረኪና ፈጽሞ አይነካውም፤ ሽታው ቀርቶ ሌሊት ይተነፈሳልና። ይህን ሁሉ ለማድረግ አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ በዕድሜ የገፉ አባት ወይም እናት እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን ከልጆቹ አንዱ ሥራዬ ብሎ ይያዘው። አያትን ለመርዳት ከዚህ የሚቀል የቤት ሥራ ለተማሪ አይገኝም።

መሣሪያውን ይዞ ለሚጓዝ ሰው ደግሞ፤ ከመነሣቱ በፊት ውሃውን ይድፋ። ውሃ እንዳለበት ዘንበል ያለ መሣሪያ ውሃው ወደ ሞተሩ ይገባል፥ ያን ጊዜም ነፋሱ ራሱ ይጠፋል። በሄደበት አገር የሚሆን ውሃ ባያገኝ፥ ማሞቂያውን አጥፍቶ በደረቁ ይደር። መሣሪያውን በሚጠቀም ሰው ላይ ትኩሳት፥ የማይለቅ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር የታየ እንደ ሆነ ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ሲሄድም ምን ውሃ ሲጠቀም እንደ ነበር ሳይደብቅ ይናገር።

በብርድ አገር፥ እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ስፍራ፥ ሌሊት ቱቦው ውስጥ ውሃ ተጠራቅሞ ሲያንቈረቁርና ፊት ላይ ጠብ ሲል የሚደናገጡ አሉ። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ለብ ያለው እርጥበት በቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ሲያልፍ ወደ ውሃነት ይመለሳል፥ ያው የአረቄው ነገር ነው። የእርጥበቱን ቍጥር ዝቅ ማድረግ፥ ቱቦውንም ከብርድ ልብሱ ሥር ማሳለፍ ይረዳል። መሣሪያው ከአልጋው ዝቅ ባለ ነገር ላይ ይቀመጥ፤ የተጠራቀመው ውሃ ወደ ሰውየው ሳይሆን ወደ መያዣው እንዲመለስ። ዕጣን ከሚጨስበትና ቡና ከሚቈላበትም ራቅ ይበል፤ ማጣሪያው አቧራውን እንጂ ጭሱንና ሽታውን አያስቀርምና።